ጫትና አረቄን በጉልምስና ለመተው፦ ደብተር ወይስ ጤና ጣቢያ?

በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ ከሃምሳ ዓመታቸው በኋላ ሱስ ለመተው የሚነሡ ሰዎች ራሳቸውን እያስተማሩ ወይም በባለሙያ እየተደገፉ መላቀቅ ይችላሉ። የጎልማሶች ትምህርት ምሁሩ ማልኮም ኖልስ እንዳብራራው፣ ራስ መር ተማሪ የሚያስፈልገውን ራሱ ይለያል፤ ግቡን ያስቀምጣል፤ ውጤቱንም ይመዝናል።

ለጫት ይህ መንገድ ብዙ ያግዛል። የማውቃቸው አንድ የ58 ዓመት አባት ጫት ያማራቸውን ሰዓት በልጃቸው አሮጌ ደብተር ይመዘግቡ ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ገጾቹን ሲያገላብጡ፣ ሐራራው የሚነሣው ከምሳ በኋላ የበርጫ ጓደኞቻቸው በደጃቸው ሲያልፉ መሆኑን ተረዱ፤ ያንንም ሰዓት ለጓሮ ሥራ አዋሉት። ዱካክ፣ ማለትም ጫት ሲተው የሚመጣው ቅዠት፣ የሚያልፍ መሆኑን አስቀድመው ስላነበቡ ቅዠቱ ሲመጣ አልደነገጡም።

አረቄ ግን ሌላ ነው። ለዓመታት በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ሰውነቱ ሊንዘፈዘፍ፣ አእምሮው ሊቃዥ፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል፤ ዕድሜና ሌላ ሕመም ሲጨመሩበት አደጋው ይብሳል። እባካችሁ፣ እዚህ ላይ ሐኪም ይቅደም፤ ደብተሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የጤና ጣቢያው መንገድ ፈተና ይሉኝታ ነው፤ የተከበረ ሽማግሌ በወረፋ መካከል መታየትን ይፈራል። ብቻውን የሚማር ሰውም ቢሆን ምስክር ያስፈልገዋል። እኒያ አባት በየሳምንቱ ደብተራቸውን ለአንድ የቅሬ (የዕድር) ጓደኛቸው ያሳዩ ነበር።