ዜሁንት፦ ጥልቀቱ አነስተኛ ለሆነ ባሕር የተሠራው የሁለት ሰው ሰርጓጅ መርከብ

ጥልቀቱ ከ20 ሜትር በማያልፍ ባሕር ላይ ጠረፍ መጠበቅ ለትልቅ ሰርጓጅ መርከብ ፈተና ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን በብዛት ያሠማራችው ሰርጓጅ 67 ሜትር ይረዝማል፤ እንዲህ ባለ ውሃ ፔሪስኮፑን (ከውሃ በታች ሆኖ ላዩን የሚያይበትን ቱቦ) ብቻ ብቅ አድርጎ ሲሄድ ሆዱ ለአሸዋው ጥቂት ሜትር ነው የሚቀረው። የጀርመኑ ዜሁንት የተሠራው ለዚሁ ውሃ ነው፦ ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ክብደቱ 17 ቶን፣ ሠራተኞቹ 2። እ.ኤ.አ. በ1945 ከኔዘርላንድስ የኤይማውደን ወደብ እየተነሣ በሼልት ወንዝ መግቢያና በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጠረፍ ተዋግቷል። ጀርመን በዘመኑ ከሠራቻቸው ትንንሽ ሰርጓጆች ሁሉ የተሻለው እሱ ነው፤ ጉድለቶቹም ቀላል አይደሉም።

ከውሃ በላይ የሚነዳው 60 የፈረስ ጉልበት ያለው የናፍጣ ሞተር ነው፤ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር እየሄደ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ሲጠልቅ 25 የፈረስ ጉልበት ባለው የኤሌክትሪክ ሞተር በሰዓት 5.5 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ባትሪው ለ117 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ለ21 ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ይህ ቁጥር ግን የሚሠራው በረጋ ውሃ ነው። በሰሜን ባሕር ዳርቻ የውሃው ፍሰት በየ6 ሰዓቱ ገደማ አቅጣጫውን ይቀይራል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚፈስ ውሃ ፊት ለፊት ከመጣ ባትሪው ያልቃል እንጂ መርከቡ ካለበት ብዙም ፈቀቅ አይልም። ስለዚህ ፍሰቱ ሲቃወም አሸዋው ላይ አስተኝቶ ማቆየት፣ ሲመለስ አብሮ መጓዝ ነው የሚያዋጣው። ይህን ማድረግ መቻሉ የትንሽነቱ ትልቁ ጥቅም ነው።

ሌላው ጥቅሙ ለመገኘት ማስቸገሩ ነው። ከትንሽ አካሉ የሚመለሰው የሶናር (በድምፅ ሞገድ የሚፈልግ መሣሪያ) ድምፅ ደካማ ነው፤ ቀስ ብሎ ሲሄድም በውሃ ውስጥ ማዳመጫ እምብዛም አይሰማም። በአቅራቢያው የፈነዳ የውሃ ውስጥ ቦምብም ብዙ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ያንገላታዋል እንጂ አይጨፈልቀውም።

መሣሪያው 53.3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው 2 ቶርፒዶዎች (በውሃ ውስጥ ራሳቸውን እየነዱ የሚሄዱ ፈንጂዎች) ናቸው፤ በግራና በቀኝ ከውጭ ይንጠለጠላሉ። እነሱን ለመግጠም መርከቡ ከውሃ መውጣት አለበት፤ ጠንካራ ክሬን የሌለው ወደብ አይሆነውም፣ ባሕር ላይ እንደገና መታጠቅም የለም። ሲተኮስ ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዱ ቶርፒዶ ሲለቀቅ መርከቡ በአንድ ጎኑ ይቀልና ወደ ላይ መነሣት ይጀምራል፤ ወዲያው ውሃ አስገብቶ ሚዛኑን ካልመለሱት ማማው ብቅ ይላል። 3 ሜትር ያህል የሚረዝመው ፔሪስኮፕ ከፍና ዝቅ ስለማይል፣ ለማየት መላው መርከብ ወደ ላይ መምጣት አለበት። ማዕበል ባለበት ቀን ይህን ጥልቀት ጠብቆ መቆየት እጅግ ከባድ ነው።

ባትሪውም ያስፈራል። ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ በአየሩ ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ ትንሽ ብልጭታ ይበቃዋል። የባሕር ውሃ ከገባበት ደግሞ መርዛማው ክሎሪን ይፈጠራል። ሁለት ሰው ብቻ በሚይዝ ክፍል ውስጥ ከዚህ ማምለጫ የለም፤ ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት በደንብ ማናፈስ ግድ ነው።

ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል 1945 በተደረጉ 142 ስምሪቶች 35 ዜሁንቶች ጠፍተዋል፤ አብዛኞቹን የበላው የጠላት ጥይት ሳይሆን አውሎ ነፋስ ነው። ያሰጠሟቸው መርከቦች ደግሞ ከ10 አይበልጡም። ለእኛ ትልቁ ድክመት የሚታየን እዚህ ላይ ነው፦ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው እየነዱና እየተመለከቱ ለቀናት መቆየት አይችሉም፤ የሚተካቸውም የለም።

ዛሬ ለተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩት ይህን ያረሙ ይመስላል። በፋርስ ባሕረ ሰላጤ፣ አማካይ ጥልቀቱ 35 ሜትር ገደማ በሆነ ውሃ ላይ የሚያገለግለው የኢራኑ ጋዲር 29 ሜትር ይረዝማል፤ ቶርፒዶዎቹን ከውስጥ ይተኩሳል፤ በፈረቃ የሚሠሩ ሰዎችንም ይይዛል። መረብ ግን ለሁሉም ጠላት ነው። በጁን 1998 የሰሜን ኮሪያ ትንሽ ሰርጓጅ በደቡብ ኮሪያዋ ሶክቾ አጠገብ በዓሣ አጥማጆች መረብ ተጠልፎ ተያዘ፤ ከውስጡ የወጣው የ9 ሰዎች አስከሬን ነበር። ዓሣ በሚጠመድበት ጠረፍ ሰርጓጅ የሚያሠማራ ማንም ቢሆን ፕሮፔለሩንና መሪውን በጠንካራ ከለላ ይሸፍን፤ ከአካሉ ውጭ የሚንጠለጠል ነገርም አይኑረው።