ዜፊሪን ድሩዋን ወይስ ኮምፓሽን? ለግድግዳ የሚሆን መዓዛማ ተንጠላጣይ ጽጌረዳ

«እሾህ የሌለው፣ አካባቢውን የሚያውድ፣ ግድግዳ ላይ የሚወጣ ጽጌረዳ የቱ ነው?» ይህ ጥያቄ ማለቂያ የለውም። የሻጮች መልስም አንድ ነው፦ ዜፊሪን ድሩዋን። እ.ኤ.አ. በ1868 ፈረንሳይ ውስጥ የወጣ፣ ቡርቦን ከሚባለው የድሮ ጽጌረዳ ወገን ነው፤ እሾህ የለውም ማለት ይቻላል፣ መዓዛውም ዝናው የማያጋንነው ነው። ለግድግዳ ግን ኮምፓሽንን ግዙ።

ነገሩ የዋጋ ነው። ሁለቱም የቆዩ ዝርያዎች ስለሆኑ ለዝርያው አውጪ የሚከፈለው የአርቢ መብት ክፍያ ችግኛቸውን አያስወድደውም። ልዩነቱ የሚታየው ከተተከሉ በኋላ ነው። ዜፊሪን በጥቁር ነጥብ በሽታና በዱቄት መሰል ሻጋታ በቀላሉ ይጠቃል። የጥቁር ነጥቡ ፈንገስ ቅጠሉ ሰባት ሰዓት ያህል ሳይደርቅ ከቆየ ይይዛል፤ ከዚያ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፍና ተክሉ ከታች ራቁቱን ይቀራል። ሻጋታው ደግሞ ሥሩ የደረቀና አየር የማይዘዋወርበት ቦታ ይስማማዋል፤ የግድግዳ ሥር ማለት ይኸው ነው። በዝናብ ወቅት በየ7 እስከ 14 ቀኑ መርጨት ይመጣል። ችግኙ አንዴ ይገዛል፣ መድኃኒቱ ግን በየዓመቱ። ይህን ወጪ ዋጋው ላይ ደምሮ የሚነግር ሻጭ የለም።

ኮምፓሽን እ.ኤ.አ. በ1972 እንግሊዝ ውስጥ ሃርክነስ በተባለ የጽጌረዳ አርቢ ቤት የወጣ ነው። አበባው ብርቱካናማ የነካው ሮዝ፣ ሽታው ጠንካራ፣ ቁመቱ 3 ሜትር ገደማ ነው። በሽታ ጨርሶ አይነካውም አይባልም፤ ግን ያለ ርጭት ቅጠሉን ይዞ መክረም ይችላል። ችግሩ እሾሁና የዘንጉ ድርቅና ነው፦ ዘንጉ ገና ለስላሳ እያለ ካልታሰረ በኋላ ሲታጠፍ ይሰበራል።

ሰው እየታከከ የሚያልፍበት፣ አየር እንደልብ የሚነፍስበት ቅስት ካላችሁ ዜፊሪንን ውሰዱ፤ እዚያ ያዋጣል። ሌላው ተንጠላጣይ ጽጌረዳ፣ ኒው ዶውንስ? ርካሽና ብርቱ ነው፣ ሽታው ግን ለስለስ ያለ ነው።

አበባ ይዞ በማሰሮ የሚሸጠው ይወደዳል፤ ትርፉን የምትከፍሉት ለማሰሮው፣ ለአፈሩና ለማጓጓዣው ነው። በእንቅልፍ ወቅቱ ሥሩ ባዶውን የሚሸጠው ይረክሳል፣ ከዓመት በኋላም ልዩነታቸው አይታወቅም። የእርሳስ ውፍረት ያላቸው ቢያንስ ሦስት ዘንጎች ይኑሩት። ልጡ ከተጨማደደ፣ ወይም በጥፍር ሲፋቅ ውስጡ አረንጓዴ ካልሆነ ይቅርባችሁ።

አስመሳዩ ብዙ ነው። በፓኬት የሚሸጥ «የሰማያዊ ተንጠላጣይ ጽጌረዳ ዘር» ማጭበርበር ነው፤ እውነተኛ ሰማያዊ ጽጌረዳ የለም፣ የተዳቀለ ጽጌረዳም ከዘሩ እናቱን መስሎ አይወጣም። «ቀይ ተንጠላጣይ» ብቻ የሚል ምልክት ካያችሁም እለፉት። እንደ ኤትዋል ደ ኦላንድ ያሉት ደግሞ በአንድ ስም ቁጥቋጦም ተንጠላጣይም አላቸው፤ ቁጥቋጦውን የገዛ ሰው ግድግዳው ባዶ ይቀራል።

ሲተከል ሥሩን ጥቂት ሰዓታት ውኃ ውስጥ አቆዩት፤ ከአንድ ቀን አይለፍ። ጉድጓዱ ከግድግዳው 45 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ስፋቱ 60፣ ጥልቀቱ 45 ይሁን፤ ተክሉ ወደ ግድግዳው ያዘንብል። የ2 ሚሊ ሜትር ዚንክ የተቀባ ሽቦ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ አግድም ወጥሩ፣ ከግድግዳው 5 ሳንቲ ሜትር አርቁት። ዘንጎቹን አግድም እሰሩ፤ ቀጥ ብለው ከወጡ አበባው ጫፍ ላይ ብቻ ይሆናል። ውኃ ከሥር እንጂ ቅጠል ላይ አይፈስስም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት አትግረዙ፤ ከዚያ የጎን ቅርንጫፎቹን ሁለት ሦስት ዓይን (ቡቃያ የሚወጣበት ቦታ) አስቀርቶ መቁረጥና በየዓመቱ አንድ ያረጀ ዘንግ ከሥሩ ማውጣት ይበቃል።

በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተጋጠመ ችግኝ ከመጋጠሚያው በታች ቡቃያ ካወጣ በመቀስ አትቁረጡት፣ መልሶ ይበቅላል። አፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ከመነሻው ገንጥሉት። ከተተወ የተገዛውን ጽጌረዳ ውጦ በቦታው ይቆማል፤ ሥሩ ለመጋጠሚያ የሚውለው ዶክተር ሂዊ የተባለ ጽጌረዳ ከሆነ በዓመት አንዴ ብቻ የሚያብብ ጥቁር ቀይ አበባ ታገኛላችሁ።