ጥርሱ ለተበላ የካንዴላ ቀዳዳ የብረት እጅጌ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

በኮሮላዬ ሦስተኛ ሲሊንደር ላይ ታይም-ሰርት የተባለው የብረት እጅጌ ከገባ ክረምቱ አልፎ በጋው ተጋምሷል። ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ አልላላም፣ እመቃ (በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው አየር) አያሾልክም፣ ሲፈታም እጅጌው ተከትሎት አልወጣም። እንዲህ ያለ ጥገና የሚመዘነው በተሠራበት ቀን ሳይሆን ካንዴላው እንደገና በሚፈታበት ቀን ነው። እስካሁን ሳልጽፍ የቆየሁትም ለዚህ ነው።

መኪናው በፈረንጅ አቆጣጠር የ2003 ሞዴል፣ ሞተሩ 1ዜድዜድ-ኤፍኢ ነው። ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ መክደኛ) አሉሚኒየም ሲሆን የካንዴላው ጥርስ (እንደ ብሎን የሚጠበቀው ክፍል) ውፍረት 14 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 19 ሚሊ ሜትር ነው። አሉሚኒየም ከብረት ይልቅ ለስላሳ ነውና ሞተሩ ትኩስ እያለ ካንዴላ መፍታትን፣ አጣሞ ማስገባትንና ከልክ በላይ ማጥበቅን አይችልም። የእኔን ቀዳዳ ያበላሸው አንድ ጋራዥ ነው፤ ረጅም እጀታ ባለው መፍቻ ካላስጮኸ የጠበቀ የማይመስለው ዓይነት። ጥርሱ ሲበላ ደግሞ ሳይነግሩኝ በተበላው ጥርስ ምትክ የሚገባ የሽቦ ጥቅልል አስገብተው ዘጉት። በሚቀጥለው የካንዴላ ቅያሪ ጥቅልሉ ከካንዴላው ጋር ተጠምጥሞ ወጣ።

በሽቦ ጥቅልል ላይ ጥላቻ የለኝም። በፒስተን በሚሠሩ የአውሮፕላን ሞተሮች የካንዴላ ቀዳዳ ላይ ገና ከፋብሪካ የሚገባ የታወቀ አሠራር ነው፤ ለማኒፎልድ ብሎንም ቢሆን እኔ ራሴ እመርጠዋለሁ። ችግሩ የሚመጣው በእጅ፣ በጠባብ ቦታ፣ ቀዳዳው ሳይስተካከል ሲገባ ነው። ካንዴላ በየጊዜው የሚፈታ ነገር ስለሆነ፣ ጥቅልሉ በደንብ ካልተያዘ አብሮ መዞር ይጀምራል።

ሌላው ምክር «ቴስታታው ይቀየር» የሚል ነበር። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ቴስታታ ይገኛል፤ ነገር ግን ሙቀት አጣሞት ይሁን አይሁን ሳይለካ አይታወቅም። ማስላጫው፣ ከሥሩ የሚገባው አዲሱ ጓርኒሲዮን፣ የሰንሰለቱ መፈታትና መገጠም ሲደመር ለአንዲት ቀዳዳ ሲባል ሙሉ ሞተር እንደ መፍታት ነው። ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ በኋላ ደግሞ ያለውን ቴስታታ ማዳን የበለጠ ትርጉም አለው።

ለሲሊንደር ካሚሻ (የውስጥ ሽፋን) እንደሚገባለት ሁሉ፣ ታይም-ሰርትም ለካንዴላው ቀዳዳ የሚገባ እጅጌ ነው፤ ውስጡም ውጪውም ጥርስ አለው። ሳጥኑ ውስጥ ማስፊያ፣ ለአንገቱ መቀመጫ የሚቆርጥ መሣሪያ፣ ጥርስ ማውጫና ማስገቢያ አሉ። የሚያስደንቀው የመጨረሻው ነው። የእጅጌው የታችኛው ጥቂት የውስጥ ጥርሶች ሆን ተብሎ ሙሉ ሆነው አልወጡም። ማስገቢያው በዘይት ርሶ እስከ ታች ሲነዳ እነዚያን ጥርሶች እየገፋ ሙሉ ያደርጋቸዋል፤ በዚያው የእጅጌውን ግድግዳ ወደ ውጪ አስፍቶ ከአሉሚኒየሙ ጋር ያናክሰዋል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ፣ ትኩስ ቴስታታ ውስጥ ቀዳዳው ከእጅጌው ይልቅ ይከፈታል። ማጣበቂያ ብቻ የያዘው ነገር እዚህ ላይ ነው የሚፈተነው፤ ይህ ግን በራሱ ብረት ነክሶ ይቆያል።

ዋጋው ቀላል አይደለም። አሜሪካ ያለች እህቴ ስትልከው ከመቶ ዶላር በላይ አውጥታበታለች። ለአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚገዛ ሰው ሊቆጨው ይችላል፤ ለጋራዥ ግን ውድ አይደለም።

ሥራውን የሠሩልኝ ቶርኖ ቤት ያላቸው አንድ አዛውንት ናቸው። በመሰርሰሪያ ማሽን እንሞክረው ስላቸው «ይህ በእጅ እንጂ በማሽን አይነካም» ብለው ሳቁ። የ1ዜድዜድ ካንዴላዎች ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚቀመጡ መሣሪያው ረጅም ማያያዣ ይፈልጋል፤ በረዘመ ቁጥርም ወደ ጎን ማዘንበል ይቀለዋል። ቀዳዳው በትንሹ እንኳ ቢያዘነብል ካንዴላው በአንድ ጎኑ ብቻ ይቀመጥና ማሾለኩ አይቀርም። እርሳቸው በየግማሽ ዙሩ እያቆሙ፣ መሣሪያውን እያወጡ፣ ግራሶ እየቀቡ ነበር የሚሠሩት። ግራሶው ፍቅፋቂውን ይይዛል። ፒስተኑን አስቀድመው ዝቅ አድርገውት ስለነበር መሣሪያው አልነካውም፤ በመጨረሻም በቀጭን ቱቦ ስበው፣ በኮምፕሬሰር ነፍተው፣ ካንዴላ ሳይገባ ሞተሩን በማስነሻው አዞሩት። ይህን ደረጃ «ጥቂት ብናኝ ምን ያደርጋል» ብሎ የሚዘል ሰው ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ብናኙ የሲሊንደሩን ግድግዳና የፒስተኑን ፋሻ (ቀለበት) ይጭራል።

የእጅጌው ርዝመት ሌላው ጉዳይ ነው። ካጠረ ከታች የተራቆተው ጥርስ ካርቦን ይይዛል፣ ከረዘመ ደግሞ ወደ ማቃጠያው ክፍል ብቅ ብሎ ይግላል። አንገቱም መቀመጫው ውስጥ ሙሉ በሙሉ መግባት አለበት፤ ከፍ ብሎ ከቀረ ካንዴላውም ከፍ ብሎ ይቀመጣል።

ከዚያ ወዲህ መኪናው ከከተማ ግርግር በላይ አይቷል። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ ከዝቅታው ሙቀትና ከረጅሙ ዳገት ጋር ለእንዲህ ያለ ጥገና ጥሩ ፈተና ነው። ሞተሩ አልቆራረጠም፤ የሞተር መብራቱም አልበራም። ከጉዞው በኋላ ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ካንዴላውን ፈታሁት፤ ከመጀመሪያው ማላቀቅ በኋላ በጣት ዞሮ ወጣ። በመቀመጫው ዙሪያ የማሾለክ ጥቁር ምልክት የለም፣ የጫፉ ቀለምም ከሌሎቹ ሦስት አይለይም። ብረት ሙቀትን እንደ አሉሚኒየም አያሳልፍም ብዬ ካንዴላው ይግል ይሆን የሚል ስጋት ነበረኝ፤ እስካሁን ምልክቱን አላየሁም።

እመቃውንም አስለክቻለሁ፤ ሦስተኛው ከጎረቤቶቹ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይደነግጣሉ፦ በመኪናው የጥገና መጽሐፍ ላይ ያለው የእመቃ ቁጥር ለባሕር ጠለል አየር የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በሩብ ገደማ ያንሳል፣ መለኪያውም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

እጅጌው ብረት ነው ብሎ ጉልበት መጨመር ግን አያስፈልግም። ባለ ጋስኬት (ማሸጊያ ቀለበት ያለው) አዲስ ካንዴላ በጣት እስኪቆም ገብቶ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ይበቃዋል፤ ያገለገለ ከሆነ ከዚያ በጣም ያነሰ። ጥርሱን ዘይት ወይም ግራሶ መቀባትም አልወድም፤ ሰበቃው ስለሚቀንስ በተመሳሳይ ጉልበት ከሚገባው በላይ ይጠብቃል።

ከማዘዛችሁ በፊት የራሳችሁን ካንዴላ ፈትታችሁ ለኩ። አንዳንድ አዳዲስ ሞተሮች 12 ሚሊ ሜትር ካንዴላ ይጠቀማሉ፤ 14 ሆኖ ጥርሱ 26.5 ሚሊ ሜትር የሚረዝምም አለ። የእኔ ሳጥን ለእነዚያ አይሆንም።