«ራሳችን የሠራነው የካርታ ሲስተም ነው» ሲሏችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ

የይዞታ መረጃም ይሁን የውሃ መስመር ወይም የደንበኛ አድራሻ፣ በካርታ ላይ የሚያስተዳድር ሲስተም ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እኛ የገባንበት እንዳትገቡ ነው የምጽፈው። የሻጩን ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ ገና አላለቀም። እንዲህ የሚሠራው እሱ ብቻም አይመስለኝም።

ሲሸጡልን «ከዜሮ ተነስተን ያለማነው ነው» አሉን። ላይሰንሱ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ክፍያው በተጠቃሚ ቁጥር ይባዛል። አርማቸው የተለጠፈበት፣ ሜኑው ያልበዛ፣ ለዓይን ደስ የሚል ፕሮግራም ነው። አንድ ቀን ትልቅ ፋይል ስከፍት ክራሽ አደረገ። ብቅ ያለችው የስህተት መስኮት ላይ የተጻፈው ግን የእነሱ ስም አይደለም፤ «ኪውጂአይኤስ» ይላል፤ ማንም በነፃ የሚያገኘው የካርታ ፕሮግራም። ሌላውን ሁሉ ሲቀይሩ ያቺን መስኮት ረስተዋታል።

ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን ነገር መጠርጠር ጀመርኩ። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ በተባለ ነፃ የዳታቤዝ ፕሮግራም ላይ የተጫነ ፖስትጂአይኤስ፣ ማለትም የካርታ ዳታ የሚያስይዘው ተጨማሪ፣ ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ማንም በነፃ የሚያወርደው። «የዳሰሳ ቡድናችን የሰበሰበው» የተባለው ቤዝማፕ (ከሥር የሚነጠፈው መነሻ ካርታ) ላይ ደግሞ ከዓመታት በፊት እኔው ራሴ ኦፕንስትሪትማፕ በተባለው፣ ማንም ሰው በሚሥለው ነፃ ካርታ ላይ የሳልኳትን መንገድ አገኘኋት፣ ከነፊደል ግድፈቷ። (ሳላርማት መቅረቴ ለዚህ ይጠቅማል ብዬ መቼ አሰብኩ!) የኦፕንስትሪትማፕን ዳታ መጠቀምም ሆነ መሸጥ ይቻላል፤ ምንጩን መጥቀስ ግን ግዴታ ነው። እነሱ ምንጩን የምትጠቅሰዋን ጽሑፍ ከካርታው ጥግ አጥፍተዋታል።

አንድ ነገር ላስተካክል። በነፃ ሶፍትዌር ገንዘብ ማግኘት ሌብነት አይደለም። ኪውጂአይኤስም ፖስትጂአይኤስም የሚሠራጩበት ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ መሸጥን አይከለክልም። መጫን፣ ማስተካከል፣ ሰው ማሠልጠን ሥራ ነው፤ ለሥራው በደስታ እከፍል ነበር። ጂፒኤል የማይፈቅደው ፕሮግራሙን ለሌላ ሰጥቶ የፈቃዱን ጽሑፍ ማጥፋትና የምንጭ ኮዱን መከልከል ነው። እኛን የጎዳን ግን ይህም አይደለም፤ የጎዳን የገዛ ዳታችን ነው።

ዳታቤዙ ያለው እነሱ ሰርቨር ላይ ነው። የይለፍ ቃል ስንጠይቅ «ለደህንነት ሲባል» አሉን። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ ነገሩ። ከፖስትግሬስ ጋር አብሮ የሚመጣ ፒጂ ደምፕ የሚባል መሣሪያ አለ፤ በአንድ ትእዛዝ ዳታቤዙን ከነሠንጠረዡ፣ ከነኢንዴክሱ ይገለብጣል። እሱን ስጡን ብንል «የዳታ ማውጫ» የሚል ክፍያ አስከፈሉንና የሼፕፋይል ክምር ላኩልን።

ሼፕፋይል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወጣ የካርታ ዳታ ፋይል ፎርማት ነው። የዓምድ ስም ከ10 ባይት በላይ አይችልም። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ዘዴ) ሲጻፍ 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ የሚገባው 3 ፊደል ብቻ ነው። «የባለይዞታ ስም»፣ «የባለይዞታ ስልክ»፣ «የባለይዞታ አድራሻ» ብለን የሰየምናቸው ሁሉ «የባለ» ላይ ተቆረጡ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለየው የለም። የጽሑፍ ዓምድም ከ254 ባይት አያልፍም፣ ማለትም 84 ፊደል ገደማ፤ ረጃጅም የመስክ ማስታወሻዎቻችን መሃል ላይ ተበጠሱ። ቀን የሚመዘግበው ዓምድ ሰዓት ስለማይዝ የምዝገባው ሰዓት ጠፋ። ቢያንስ ጂኦፓኬጅ በተባለው አዲስ ፎርማት ቢሰጡን ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር።

ስፋቱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የቦታ ስፋት ያሰሉልን 3857 የሚል ኮድ ባለው፣ ማለትም ለድረ ገጽ ካርታ በሚውለው ፕሮጀክሽን (ድቡልቡሏን ምድር ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በሚያሳርፈው ስሌት) ነው። እሱ ከምድር ወገብ በራቃችሁ ቁጥር ይለጥጣል፤ 60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ርዝመትን በእጥፍ፣ ስፋትን በአራት እጥፍ ያሳያል። ለማየት እንጂ ለመለካት አይሆንም። ይህን የማያውቅ ሰው የካርታ ሲስተም አይሠራም፤ እያወቀ ከሠራው ደግሞ የባሰ ነው።

ሲስተሙ ተንቀርፍፎ አንድ ፍለጋ ደቂቃዎች ሲፈጅ «የፍጥነት ማሻሻያ ፓኬጅ ግዙ» አሉን፤ ገዛን። በኋላ የሚያውቅ ሰው ሲያየው ያደረጉት የቦታዎቹ ቅርጽ የተቀመጠበት የጂኦሜትሪ ዓምድ ላይ የጂስት ኢንዴክስ፣ ማለትም በቦታ መፈለግን የሚያፋጥን ዝርዝር፣ መጨመር ነው። አንድ መስመር ትእዛዝ! ከመጀመሪያው መኖር የነበረበት።

እናም ከመፈረማችሁ በፊት ሙሉ የዳታቤዝ ቅጂ በፈለጋችሁ ጊዜ፣ ያለተጨማሪ ክፍያ፣ በፒጂ ደምፕ እንደሚሰጣችሁ ውሉ ላይ አስጽፉ። የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል በእጃችሁ ይሁን። የተገለበጠውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ ጫኑና በተራ ኪውጂአይኤስ ክፈቱት፤ እነሱ ባሉበት፣ ክፍያው ከመጠናቀቁ በፊት። ስፋትና ርቀት በየትኛው ፕሮጀክሽን እንደሚሰላም ጠይቁና ስፋቱን አስቀድማችሁ የምታውቁትን አንድ ቦታ አስለኩ።

እኛ ከውሉ ለመውጣት እየተከራከርን ነው። እኔ ደግሞ የወረቀት ፎርሞቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ የትኛው «የባለ» ስም፣ የትኛው ስልክ እንደሆነ አንድ በአንድ እየለየሁ ነው።