ፊልም ወይስ ሆሎግራም? መረጃን በብርሃን ማስቀመጥ

ሀርድ ዲስክ ዕድሜው አጭር ነው። በየጥቂት ዓመቱ መረጃውን ወደ አዲስ መገልበጥ ግድ ይላል። ከዚህ ጣጣ እንገላገል ብለው ሰዎች ሁለት የብርሃን መንገዶችን ሞክረዋል።

ለረጅም ዘመን ማስቀመጫ እኔ የምመርጠው ፊልምን ነው። የኮምፒውተር መረጃ የሚጻፍበት ዜሮና አንድ ወደ ጥቃቅን ነጥቦች ተቀይሮ በ35 ሚሊሜትር ፊልም ላይ ይታተማል። የፕሮግራም ኮድ ማከማቻ የሆነው ድረ ገጽ ጊትሃብ እ.ኤ.አ. በ2020፣ 21 ቴራባይት ኮድ በ186 ጥቅል ፊልም አስቀምጧል፤ ቦታው በኖርዌይ ስቫልባርድ ያለ፣ ሥራ ያቆመ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ማውጫ ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ ነጥቦቹ እንዴት እንደሚነበቡ የሚያስረዳ ጽሑፍ እዚያው ፊልሙ ላይ ማተም ይቻላል። አጉሊ መነጽርና ብርሃን ያለው ሰው መመሪያውን ያነበዋል። ማንበቢያ መሣሪያው ቢጠፋ እንኳ ሌላ መሥራት ይቻላል ማለት ነው። ችግሩ ቀርፋፋ መሆኑ ነው፤ አንዴ ከታተመም አይታረምም።

ሆሎግራፊ ሌላ ዓለም ነው። ሌዘር ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ጨረር አንድ ሙሉ ገጽ መረጃ ተሸክሞ ይመጣና ብርሃን በሚቀርጽ ክሪስታል ውስጥ ከሌላው ጨረር ጋር ይገናኛል። የተፈጠረው ንድፍ እዚያው ይቀረጻል። የጨረሩን ማዕዘን ትንሽ ሲያዞሩት በዚያው ቦታ ሌላ ገጽ ይገባል! ሲነበብም ገጹ በአንዴ ይወጣል። በአንዳንድ ክሪስታሎች ላይ አጥፍቶ መጻፍም ይቻላል። ግን እነዚህ ክሪስታሎች ደጋግመው ሲያነቧቸው ቅጂው እየደበዘዘ ይሄዳል። ኢንፌዝ የተባለው ኩባንያ 300 ጊጋባይት የሚይዝ ዲስክ ሠርቶ ነበር፤ ገበያው ግን አልቀናውም።

ፍጥነት ለሚፈልግ የመረጃ ማዕከል ሆሎግራፊ ቢሳካ ግሩም ነው። የአገር መዝገብ ግን ዛሬውኑ ፊልም ላይ ቢሰፍር ይሻላል።