በህንድ ባቡር ከተማ ለከተማ ልትዞሩ ያሰባችሁ፣ ለትኬት ቆራጭ ብር ከመስጠታችሁ በፊት

ከተመለስን ገና አራት ቀናችን ነው። ንዴቴ አልበረደልኝም፣ ግን ሳይበርድልኝ ልጻፈው።

እማዬን ለዓይን ህክምና ዴልሂ ይዣት ሄጄ ነበር። ህክምናው እግዚአብሔር ይመስገን ጥሩ ሆነ። ሐኪሟ ሲያሰናብታት ሀገሩን ትንሽ አይተን እንድንመለስ ከመሄዳችን በፊት ነው ያቀድነው። ከዴልሂ አግራ፣ ከአግራ ጃይፑር፣ ከጃይፑር ሙምባይ፣ ከሙምባይ በአውሮፕላን አዲስ አበባ። በባቡር ይሁን ያለችው እሷ ናት። እማዬ የድሬዳዋ ልጅ ናት። አባቷ ምድር ባቡር ነበር የሚሠሩት። የባቡር ጡሩምባ እየሰማች ነው ያደገችው።

ትኬቱን የቆረጠልን እዚሁ ቦሌ ያለ ወኪል ነው። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ፎቅ ላይ ጠባብ ቢሮ፣ ግድግዳው ላይ የታጅ ማሃል ፎቶ፣ ሳትጠይቁ ማኪያቶ ይታዘዝላችኋል። ደረሰኝ ስትሉ «ሲስተም የለም፣ በኋላ እልክልሻለሁ»። ለሁለታችን ለሦስቱም ጉዞ 48,000 ብር፣ ከሁለት ወር በፊት ሙሉውን ከፈልኩ። ወደ እማዬ ጎንበስ ብሎ «ማዘር፣ የሙምባዩ የሌሊት ጉዞ ስለሆነ የታችኛውን አልጋ ይዤልዎታለሁ፣ መስኮት ጋ» አላት። እማዬ ቆማ መረቀችው።

አግራም ጃይፑርም ያለ ችግር ደረስን። ወንበራችንን ቁጥሩን አይተን ተቀመጥን። ስለዚህ የሙምባዩን ወረቀት አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ተውኩት። ዛሬም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ጃይፑር ጣቢያ ባቡሩ ቆሟል። ሰው ይጋፋል። እማዬ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋለች። ወረቀቱን ለተቆጣጣሪው ሰጠሁት። እጁ ላይ ባለችው ታብሌት ስማችንን ፈለገ፣ አጣው፣ እንደገና ፈለገ። ከዚያ በአውራ ጣቱ ጥፍር ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ነካልኝ። «ደብሊውኤል 43» ይላል። የፉርጎ ቁጥር የለውም። የአልጋ ቁጥር የለውም። ተጠባባቂ ዝርዝር ማለት ነው። ከፊታችን ሰው ካልሰረዘ ቦታ የለንም ማለት ነው። «ይሄ ትኬት የለም» አለኝ። የመንገደኛው ዝርዝር ሲዘጋ ያልጸደቀ የኦንላይን ትኬት ራሱን ይሰርዛል፣ ገንዘቡም ተመላሽ ይሆናል። «ለማን?» አልኩት። «ለቆረጠላችሁ ሰው።»

እማዬ እንግሊዝኛ አትሰማም። ፊቴን አየችና እግሯን ከደረጃው አወረደች። ባቡሩ ሄደ።

እዚያው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋሁ። ሁለቱ ላይ «ሲኤንኤፍ» ይላል፣ ጸድቋል ማለት ነው፣ ፉርጎውና ወንበሩም ተጽፏል። ሦስተኛው ላይ ምንም የለም። የተቆረጠበት ቀንም ታትሟል፤ ከጉዞው ዘጠኝ ቀን በፊት! ብሬን ሁለት ወር ይዞ ተቀምጦ፣ ቦታው ካለቀ በኋላ ነው የቆረጠው። ዋጋው ራሱ ወረቀቱ ላይ አለ። የሦስቱን ደምሬ በብር ስመታው የከፈልኩት ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ይሄ ሁሉ እጄ ላይ ነበር። ማንበብ እችላለሁ። አላነበብኩም።

ስደውልለት አላነሳም። መልእክቴን አይቶ ዝም አለ። በማግስቱ ደወለና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የኔ እህት፣ ትኬት ቆርጬልሻለሁ። ህንዶቹ ቦታ ካልሰጡሽ እኔ ባቡር ነጂ ነኝ?» ተመላሹን ገንዘብ ስጠይቀው «እኔ ጋ የገባ ነገር የለም» ብሎ ዘጋው። ትናንት ቢሮው ሄድኩ። ፊት ለፊት ያለችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «የህንድ ክፍያ ተመላሽ የለውም» አለችኝ። ማኪያቶ ያዘዘችልን ያችው ልጅ ናት።

ከሙምባይ አዲስ አበባ የሚወስደን አውሮፕላን እንዳያመልጠን ከጃይፑር ሙምባይ በመጨረሻ ሰዓት ዋጋ የበረራ ትኬት ገዛን። ሙምባይን አላየናትም።

በቃ፣ ለምትሄዱ ይኼን ልበላችሁ። «ሲኤንኤፍ» የማይል ወረቀት ይዛችሁ አትንቀሳቀሱ። ትኬቱ ላይ ፒኤንአር የሚባል አስር አሃዝ ቁጥር አለ፤ በህንድ ምድር ባቡር ድረ ገጽ ራሳችሁ ታዩታላችሁ፣ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ዴልሂ ከሆናችሁ ደግሞ ኒው ዴልሂ ጣቢያ በፓሃርጋንጅ በኩል አንደኛ ፎቅ ላይ ለውጭ ሀገር ሰው የሚቆርጥ የመንግሥት ቢሮ አለ፣ ፓስፖርት ይዛችሁ ግቡ። በር ላይ «ተዘግቷል፣ ና ሌላ ቦታ ላሳይህ» የሚላችሁን አትከተሉ።

ከእንደዚህ ዓይነት ሰው የቆረጣችሁት ወረቀት አሁን ቤታችሁ ካለ ግን፣ ነገ አትበሉ፣ ዛሬ ማታ አውጥታችሁ እያንዳንዱን መስመር እዩት።