ሞተሩ ከወረደ መኪና ጋር ዘጠኝ ወር

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና ሲሸጥ አንድ ነገር ሳይባል አይቀርም። «ሞተሩ አልወረደም»፤ ከመኪናው ወጥቶ ተፈትቶ አያውቅም ማለት ነው። ደላላው ይለዋል፤ ባለቤቱ ይምልበታል፤ ገዢውም እሷን ቃል ከሰማ ልቡ ይረጋል። እኔም እንደዛው ነበርኩ። ባለፈው ጥቅምት ግን ሞተሩ ወርዶ የተገጠመ መኪና ገዛሁ። ያውም እያወቅኩ።

መኪናው ቶዮታ ጂቲ86 ነው። በፈረንጅ 2013 የተሠራ፣ ከአውሮፓ የገባ፣ ባለ ስድስት ማርሽ ማንዋል። ስሙ ቶዮታ ይሁን እንጂ ሞተሩ የሱባሩ ነው። 2.0 ሊትር ሆኖ አራቱ ፒስቶኖች ሁለቱ በግራ፣ ሁለቱ በቀኝ ተጋድመዋል። ቱርቦ የለውም። በወረቀት ላይ 200 የፈረስ ጉልበት አለው። የቤንዚን መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለውን መኪና የሚፈልግ ሰው እዚሁ ከተማ ካሉት መምረጥ ነው ያለው። ሻጮችም ይህን ያውቃሉ። አይቸኩሉም።

ሻጩ ሜክሲኮ አካባቢ ነው የሚኖረው። ጠዋት 1 ሰዓት ተቀጣጠርን። «እባክህ ወንድሜ፣ ሳልመጣ ሞተሩን አታስነሳው» ብዬዋለሁ። ስደርስ ኮፈኑን በእጄ ነካሁት፤ ትኩስ ነው። «ትንሽ ላሙቀው ብዬ ነው» አለኝ። ክፋት ይሁን ደግነት አላውቅም። ግን ያለቀ ነገር የሚሰማው ሞተር ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው። የካቴና ድምፅ፣ የመጀመሪያው ጭስ፣ የዘይት መብራቱ ስንት ሰከንድ ቆይቶ እንደሚጠፋ፣ ይህ ሁሉ በሞቀ ሞተር ላይ ይደበቃል። ቡና ጠጥቼ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ሳልደውል ሄድኩ።

ያን ቀን መካኒኬን ይዤ ነበር። ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ሞተሩ ሲነሳ እንደ ፌንጣ ጭርጭር የሚል ድምፅ ሰማን። ጋሼ ፊታቸውን አጨማደዱ። ይህንን ግን አንብቤ ነበር። በእነዚህ መኪኖች ላይ ከከፍተኛ ግፊት ነዳጅ ፓምፑ የሚመጣ የታወቀ ድምፅ ነው፤ ጉዳት የለውም። ጋሼ ጆሯቸውን ካስጠጉ በኋላ «እሺ፣ ይሁን» አሉ። ያላመኑ ሰው አባባል ነበር።

ቀጥሎ ሊብሬውን ከመኪናው ጋር አመሳከርን። ሻንሲ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ሞተር ቁጥሩም ልክ ነው። ብዙ ሰው ሻንሲውን አይቶ ያልፋል። ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ካልተስተካከለ ግን ስም ሲዛወር ጣጣው የገዢው ነው። በባትሪ አብርታችሁ፣ እያንዳንዷን ቁጥር በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ።

ኮምፒውተርም ሰካንበት። የስህተት ኮድ የለም። ደስ ሊለኝ ሲል ጋሼ ሌላ ገጽ ከፈቱ። መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ምርመራዎች ገና «አልተጠናቀቁም» ይላሉ። ኮድ ሲጠፋ ወይም ባትሪ ሲነቀል ነው እንዲህ የሚሆነው። ሻጩ «ባትሪ ቀይሬ ነበር» አለ፤ ደረሰኙንም አሳየን። እንመነው ብለን አለፍን። ሁለት ቀን ከተነዳ በኋላ ድጋሚ ስናየው ንጹህ ነበር።

ከዚያ ቸርችል ጎዳና። እውነቱን ለመናገር ለሞተር ምርመራ ከዚህ የተሻለ መንገድ መሐል ከተማ ውስጥ አላውቅም። ከለገሃር ወደ ፒያሳ ሽቅብ በሦስተኛ ማርሽ ያዝኩት። ፍሪሲዮኑ ካለቀ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም፤ እዚያ ላይ ይታወቃል። ቁልቁለቱን ስንመለስ በሁለተኛ ማርሽ፣ እግሬን ከነዳጅ ላይ አንስቼ ወረድኩ። ታች ስንደርስ ነዳጁን ረገጥኩና በመስታወት ወደ ኋላ አየሁ። በዚህ ጊዜ ሰማያዊ ጭስ ቧ ካለ ዘይት በቫልቭ በኩል እየገባ ነው ማለት ነው። አላጨሰም።

የፒስቶን ግፊት መለካቱ ግን አስቸገረን። መጀመሪያ ነገር፣ ሞተሩ ስለተጋደመ ካንዴላዎቹ ጎንና ጎን ተሸጉጠዋል፤ ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጀ። ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይብሳል። ከጎን የቆመ ሌላ መካኒክ መለኪያውን አይቶ «ፋሻው አልቋል፣ የመኪናው መጽሐፍ ከሚለው በጣም ያንሳል» አለ፤ ፋሻ የፒስቶኑ ቀለበት ነው። ሻጩ ደነገጠ፤ እኔም ክው አልኩ። ጋሼ ግን ሳቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይቀንሳል። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ አየር ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ካነሰ፣ አምቆ የሚያሳየው ቁጥርም ያንሳል። እዚህ ከተማ በዚህ ስሌት የተነሳ ስንት ጤነኛ ሞተር ያለ ጥፋቱ ወርዶ ይሆን? መታየት ያለበት የአራቱ ልዩነት ነው። የእኛዎቹ አራቱም ተቀራራቢ ነበሩ።

ዋናው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጋሼ ከሞተሩ ፊት ለፊት ያለውን ክዳን በባትሪ እያዩ ቆዩ። ከዚያ ጠሩኝ። «ና እስቲ፣ ይህ የፋብሪካ እጅ ይመስልሃል?» ክዳኑ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) የለውም፤ በሲሊኮን ነው የሚታሸገው። ሲሊኮኑ በመጋጠሚያው ላይ ወፍሮ፣ አንዳንድ ቦታ እንደ ጥርስ ሳሙና ተንጠልጥሏል። ሻጩ ደግሞ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «ዊንጭ አልነካውም» ብሎ ነበር።

እኔ ግን ጥርጣሬ ነበረኝ። በፈረንጅ 2018 መጨረሻ ላይ አምራቾቹ የዚህን ሞተር የመጀመሪያ ዓመታት ምርቶች ለጥገና መልሰው ጠርተው ነበር። ችግሩ የቫልቭ ሞላው፣ ማለትም ቫልቩን የሚመልሰው ስፕሪንግ ነው። የሚያርፍበት ጫና ከታሰበው በላይ ሆኖ፣ በብረቱ ውስጥ የቀረ ጥቃቅን ባዕድ ነገር ሲጨመርበት ሊሰበር ይችላል። ከተሰበረ ሞተሩ በጉዞ ላይ ይቆማል። ሞላውን ለመቀየር ደግሞ ሞተሩ መውረድ አለበት። ስለዚህ ለዚህ መኪና «አልወረደም» ማለት ምስጋና ላይሆን ይችላል። ጥሪው የሚመለከተው ሆኖ ካልወረደ፣ አሮጌው ሞላ አሁንም ውስጡ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። በየአገሩ ጥገናውን ከሠሩት አንዳንዶቹ ሲሊኮን አብዝተው ቀቡ። ትርፉ ወደ ውስጥ ይጨመቃል፣ ይደርቃል፣ ይቆረሳል፣ ዘይት ውስጥ ይወድቃል። ፓምፑ ዘይት የሚስብበት ወንፊት ላይ ሄዶ ይለጠፋል። ዘይቱ ሲያጥር ብሮንዚኑ (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ብረት) ይበላል። ጥገና ከተደረገላቸው በኋላ የሞቱ ሞተሮች ነበሩ።

ሻንሲ ቁጥሩን የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገባሁ። «ያልተከናወነ ጥሪ የለም» አለኝ። ይህ መልስ ሁለት ፍቺ አለው፤ ወይ ተሠርቷል፣ ወይ መጀመሪያውኑ አይመለከተውም። ስለዚህ መኪናው ለነበረበት አገር ወኪል ኢሜይል ጻፍኩ። በሳምንቱ መለሱልኝ። በፈረንጅ 2019 ተሠርቷል። የቀድሞውን ባለቤት ማንነት አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ለሻጩ ሳነብለት አፉን ከፈተ። ውሸታም አልነበረም። እሱም ሲገዛ «አልወረደም» ተብሎ ነው የገዛው። በዋጋው ላይ ቀነሰልኝ፤ እኔም አንድ ነገር ለመንኩት፤ ከመዋዋላችን በፊት ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ቋት በእኔ ወጪ እንዲከፈት። ከፈትነው። ወንፊቱ ላይ ሦስት የሲሊኮን ፍርፋሪ ነበር፤ ትልቁ የምስር ፍሬ ያህላል። ወንፊቱ አልተዘጋም። ቋቱ ሥር የብረት ብናኝ የለም። ጋሼ ጣታቸውን በዘይቱ ነክረው ለብርሃን አሳዩትና «ግዛ» አሉ። ገዛሁ።

አሁን ዘጠኝ ወር ሆኖታል፤ 7,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቼዋለሁ። በሦስተኛው ወር ቋቱን ድጋሚ አስከፈትኩ፤ አንዲት ቅንጣት ብቻ ተገኘች። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ፤ 5.4 ሊትር ይወስዳል፣ ቀጭኑን 0ደብሊው-20። እሁድ እሁድ ጠዋት ዘይቱን እለካለሁ። ባለቤቴ «ልጅ እንኳን እንዲህ አልተለካም» ትላለች። በሁለት ቅያሪ መካከል ከግማሽ ሊትር በታች ነው የሚጎድለው።

ጉልበቱን በተመለከተ አትሸወዱ። እዚህ ከፍታ ላይ ከ200ው የሚቀረው 150 ገደማ ነው። በመካከለኛ ዙር ላይ የሚያዛጋበት ቦታም አለው፤ ይህ የሞዴሉ የታወቀ ጠባይ ነው። አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ልጅ መብራት ላይ ጥሏችሁ ይሄዳል፤ ያውም የቤት ዕቃ ጭኖ። መሪው ግን! ማለዳ፣ መንገዱ ሳይሞላ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በአዲሱ አስፋልት ስወርድ የምከፍለው ነዳጅ ሁሉ ይረሳኛል። መኪናው ዝቅተኛ ነው፤ የሰፈራችንን ጉብታ በሰያፍ ነው የማልፈው። የኋላ ወንበሩ ለቦርሳ ነው። ዕቃ በተመለከተ ሶማሌ ተራ የዘይት ፊልተርና ካንዴላ አግኝቻለሁ፤ የፍሬን ሸራ ግን ከዱባይ በሰው ሻንጣ ነው የመጣልኝ።

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣሁ አንድ ሰው መኪናውን ዞሮ ዞሮ አየውና መጣ።

«ይሸጣል?»

«አይሸጥም።»

«ለማወቅ ያህል ነው። ሞተሩ ወርዷል?»

«አዎ፣ ወርዷል።»

ፊቱ ጠቆረ። ከኪሴ የመድኃኒት ብልቃጥ አወጣሁና አራቱን ፍርፋሪ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩለት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።